«ተመስገን» ያለች ሁሉ ረክታለች ላሉት ኃላፊ

ለተከበሩ የጤና ተቋማችን ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የደባርቅ ውርጭ ሳይነካዎት፣ የዳባት ነፋስ ሳያስልዎት፣ ከነቤተሰብዎ በደኅና እንዲሰነብቱ እመኛለሁ። አንባቢዎቼ ደግሞ ጠጋ በሉ፣ አንድ የሚያሳፍር ነገር ሹክ ልበላችሁ፦ ክቡርነታቸው በቀደም ለት አዳራሽ ውስጥ «በምጥም በቀዶ ሕክምናም የወለዱ እናቶች ሁሉ በአገልግሎታችን ረክተዋል» ሲሉ፣ ሰው አጨብጭቦ ዝም ካለ በኋላ እንኳ እኔ ብቻዬን ሳጨበጭብ ነበር። አጠገቤ የተቀመጠችው የአክስቴ ልጅ አልጣሽ ግን እጇን ከነጠላዋ አላወጣችም። ረኩ ከተባሉት አንዷ እሷ ናት።

እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

፩. አልጣሽ የመጀመሪያ ልጇን በቀዶ ሕክምና ስትገላገል ለምን እንደምትቀደድ የነገራት፣ ፈቃዷንም የጠየቃት ሰው አልነበረም። እናትም ልጅም ተርፈዋልና የሐኪሞቹ እጅ ይባረክ። ያላስረዳችኋት እንዳትደነግጥ አዝናችሁላት መሆኑን አልጠራጠርም።

፪. ከጎኗ የተኛችው ናዝራዊት አምጣ ስትወልድ፣ እንደ አልጣሽ ሁሉ እናቷን በር ላይ አስቁማችሁ፣ «ማርያም፣ ማርያም» የሚላት ዘመድ አሳጣችኋት። ለክፍሉ ጸጥታ ይህን ያህል ስለምትጨነቁ እግዜር ይስጥልን።

፫. ሁለቱም ከአልጋ ሳይነሱ፣ ሲወልዱ የረዳቻቸው ባለሙያ ራሷ ከራስጌያቸው ቆማ ረክተው እንደሆነ ጠየቀቻቸው። ሁለቱም «ተመስገን» አሉ። ክቡርነትዎ፣ በእኛ አገር ከምጥ የወጣች ሴት ሌላ ምን ትላለች? አልጣሽ የነገረችኝ እንዲህ ነው፦ «ማርያም በሽልም አውጥታኝ፣ ደሜ ሳይደርቅ ላማርር እንዴ? ተመስገን ያልኩት ለነሱ አይደለም እኮ።» እናንተ ግን የእመቤታችንን ምስጋና ወስዳችሁ ለተቋሙ አደረጋችሁት።

አሁን አልጣሽ ሁለተኛ ልጇን አርግዛ ወሯ ገብቷል። ከስብሰባው ማግስት እናቷን ይዛ ወደ ባሏ ቤት፣ ወደ አምባራስ ወጥታ እዚያው ቀረች። የቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ፣ በምጥ ጊዜ የቀድሞው ስፌት ሊተረተር እንደሚችልና እቤት መውለድ እንደማይሆንላት ደጋግማ ነግራታለች። መልሷ አንድ ነው፦ «እቤቴ ቢያንስ እናቴ ታቅፈኛለች።» ጉሙ ከጨነቅ ተራራ በኩል ወርዶ መንገዱን ከሸፈነ ሰንብቷል። ባሏ የሺዋስ ለማንም ሳይናገር ቃሬዛ አበጅቶ ከጓሮ አቁሟል፤ ጎረቤቶቹም አይተው እንዳላዩ ያልፋሉ።

የምለምንዎ ብዙ አይደለም። እናቷ አብራት እንደምትገባ፣ ከመቀደዷም በፊት ተነግሯት ፈቃዷን እንደምትጠየቅ በአንደበትዎ ቃል ይስጡኝ። ነገ ወደ አምባራስ እወጣለሁ፤ ይህን ቃል ይዤላት ከደረስኩ ትወርዳለች። ባይሰጡኝም እወጣለሁ።

ለከፍተኛ ትዕግሥትዎና ከዚያም ለሚልቀው ዝምታዎ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሳ፣
ዓለምዬ፣ ከደባርቅ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ስለ ውጤትዎ በፍጹም አይሥጉ። አልጣሽ ካልተረፈች «አልረካሁም» ብላ የምትመልስልዎ ስለማትኖር፣ እናቶች ሁሉ እንደረኩ ይቀጥላሉ። ከአምባራስ የምሰማውን ግን፣ እልልታም ይሁን ሌላ፣ ለአንባቢዎቼ ሳልደብቅ እጽፋለሁ።