የሦስት ሰው ማድፈጫ

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ፣

እንደምን ሰነበትክ? ባሕር ላይ ያለው የነዳጅ ሥራ ለወገብህ ተስማማው ወይ? እኛ ደህና ነን። አንተ ባትጠይቅም አባባ ደህና ነው፤ በሽታው ቀኝ እጁንና አንደበቱን እንደያዘው ቢቀርም ይበላል፣ ይቆጣል፣ ውሻውን በከዘራ ይጎሽማል።

ወሬዬን ልንገርህ፤ ደስታው ሊያፈነዳኝ ነው።

የዳክዬ አደን ሊከፈት ጥቂት ሲቀረው አጎታችን ኦቪድ መጥቶ፣ "እንግዲህ አባታችሁ ማደን አይችልም፤ የአደን ኩሬውን ልጄ ይያዘው" አለ። የረግረጋችንን ልማድ ታውቃለህ፤ በመክፈቻው ንጋት ተደብቆ ዳክዬ በሚጠብቅበት ማድፈጫ ውስጥ ያልተቀመጠ ሰው ኩሬውን ያጣል። አባባ ሰምቶ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። እኔ ደሜ ፈላ። "ይቀመጣል! አዲስ እሠራለታለሁ" አልኩት። "አንቺ? ሚስማር እንኳ ቀጥ አድርገሽ መትተሽ ታውቂያለሽ?" ብሎ ሳቀብኝ።

የድሮው ማድፈጫ መሰላል አለው፤ ለአባባ አይሆንም። ስለዚህ አዲሱን ዝቅ አድርጌ በባዶ በርሜሎች ላይ አንሳፈፍኩት፤ ጀልባው ከነአባባ የሚገባበት ሰፊ በርም አበጀሁለት። ከዚያ ከግቢያችን የአኻያ ቅርንጫፍ ቆርጬ አለበስኩት። እንዴት አምሮ ነበር መሰለህ! ብዙ ሳይቆይ ግን ደርቆ ቡናማ ሆነ፤ ዳክዬዎቹ ከሩቅ ሲያዩት ሽቅብ ይሸሻሉ። ኦቪድ፣ "ምነው የገና ዛፍሽ ጠወለገ?" አለኝ። አባባን በጀልባ ወስጄ ባሳየው ቅርንጫፉን በግራ እጁ እየመዘዘ ውሃ ውስጥ ወረወረው፤ ከዚያ ዳር ላይ የቆመውን ሸምበቆ ጠቆመኝ። የኩሬው ልብስ ከኩሬው ነው ለካ! በረግረግ ተወልጄ ይህን መርሳቴ አሳፈረኝ። እንደገና አለበስኩት።

በመክፈቻው ንጋት ኦቪድና ልጁ ማዶ ሆነው ያዩናል። ዳክዬዎቹ መጡ፤ ግን ከፍ ብለው ሊያልፉ ነው። የዳክዬ መጥሪያውን ፉጨት ነፋሁ፤ የእኔ ፉጨት እንኳን ዳክዬ ዶሮም አይጠራም። በዚህ ጊዜ ከጎኔ ድምፅ ሰማሁ። ወንድሜ፣ ከታመመ ወዲህ አንዲት ቃል ያልወጣው የአባባ አፍ ዳክዬ ጠራ! እንደ ድሮው፣ ያለ መጥሪያ፣ በጉሮሮው! መንጋው ዞረ፤ ዝቅ እያለ መጥቶ ፊታችን አረፈ። እንባዬን በእጅጌዬ ጠርጌ ተኮስኩ። ኦቪድ ከማዶ፣ "አንተ ሽማግሌ፣ እኔን ሳትቀብር አትሄድም!" እያለ ይጮሃል። ተሸንፎም የዳክዬውን ወጥ፣ ጋምቦውን፣ ከሁላችን አብልጦ የበላው እሱ ነው።

አንድ ነገር ልረሳ ነበር። የማድፈጫውን መቀመጫ አግዳሚ ለእኔና ለአባባ ብዬ በሁለት ሰው ልክ ቆርጬው ነበር። አባባ አግዳሚውን በከዘራው እየመታ አላስቀምጥ ስላለኝ ሦስት ሰው በሚይዝ ረዘም ያለ ጣውላ ለወጥኩት። ውሻው ትርፉ ቦታ ላይ ሊወጣ በሞከረ ቁጥር አባባ ያባርረዋል። አደኑ እስከ ጥር ክፍት ነው።

ማዕበሉን ያብርድልህ፤ በሰላም ለደጅህ ያብቃህ።

እህትህ