ቱቦው ውስጥ የተወተፈው ማስቲካ

ኢንጅነሩ፣

እናትህን ልቀበል መናኸሪያ ሄጃለሁ። ኤሲውን እንዳትነካው። ማብሪያውንም ቢሆን። የውስጡንና የውጪውን ማሽን የሚያገናኘው የመዳብ ቱቦ ገና አልታሰረም።

ለምን መሰለህ? ጠዋት ቱቦውን ላጸዳ ከውጪ በኩል አየር ለቅቄ፣ ቆሻሻው ወጥቶ እንደሆነ ላይ ብዬ ክፍሉ ውስጥ ባጎነብስ፣ ያኘክከው ማስቲካ ተስፈንጥሮ ግንባሬ ላይ ተለጠፈ። አስከትሎም የደረቀ በረሮ አልጋው ላይ ዱብ አለ።

ኤጭ! ቱቦ በማስቲካ ይደፈናል? ስንት ዓመት ኤሲ ገጠማ አብረኸኝ ሠርተህ? ፊቴን ሦስቴ ታጠብኩ፣ የሚንት ሽታው አሁንም አፍንጫዬ ውስጥ ነው። ቁርስም አልበላሁ። ያ ቆሻሻ ውስጡ ቢቀር ኮምፕሬሰሩ ይቃጠል ነበር፤ እናትህም ከሆስፒታል በወጡ ማግስት በዚህ ሙቀት ሊቀቀሉ።

የቱቦውን ጫፎች በንጹህ ፕላስቲክ አስሬያቸዋለሁ፣ እንዳትፈታቸው። ለእናትህ መስኮቱን ክፈትላቸው። አንሶላውን ቀይር፤ በረሮው ያረፈበት ነው። በእጅህ ሠርተኸዋልና በእጅህ አንሳው።

አሁን ልወጣ ስል ስልኬን ከቻርጀሩ ነቀልኩ። የተላጠውን ገመድ የጠቀለልኩበትን ጥቁር ቴፕ ያኔ አየሁት። ባለፈው ሳምንት አንተ ቱቦው ጫፍ ላይ ያሰርከው ነው። ፈትቼ የወሰድኩት እኔ ነኝ፤ አንተም ማስቲካ የወተፍከው ቴፑን ብታጣ ነው። በረሮውም የገባው ያኔ ይሆናል።

ቻርጀሩን በየቀኑ እያየህ ምንም አላልከኝም።

ማስቲካው ግን አሁንም ያስጠላል።

አንሶላውን ተወው፣ ስመጣ እኔ እቀይረዋለሁ።