አባት በቀጠሮ

ሰኞ፣ ሐምሌ 7

«አባት እዚህ ግቢ በቀጠሮ ነው የሚገኘው» ሲል ሰማሁት የፍርድ ቤቱን ጥበቃ፤ ልጅ ያዘለች ሴት ሲያረጋጋ ነበር። ጠቃሚ መረጃ ነው ብዬ ገባሁና የራሴን ቀጠሮ ጠየቅሁ። ረቡዕ ሦስት ሰዓት፣ ምስክር መስማት።

ዛሬ ሥላሴ ነው። ከተማው አብና ወልድን አንግሦ ሲመለስ እኔ እርጥብ አግዳሚ ላይ ተቀምጫለሁ። ጉዳዬ አጭር ነው። ልጄ ማኅሌት መስከረም ላይ አንደኛ ክፍል ትገባለች። የልደት ምስክር ወረቀት ያስፈልጋታል። ወረቀቱ ላይ «የአባት ስም» የሚል መስመር አለ። አባቷ ጌታቸው ደግሞ «አላውቃትም» ብሏል። የመሬት ቅየሳ ባለሙያ ነው፤ የሰውን ድንበር በሴንቲ ሜትር ያውቃል።

መስመሩን ባዶ መተው ይቻላል ብለውኛል። ማኅሌትን ግን ማን ይችላታል? ትናንት «አያሌው ያንቺ አባት ስም ነው። የኔስ የት ሄደ?» አለችኝ። ወደ ገሳይ ከተማ ሄደ ልላት ነበር። እዚያ ነው አሁን፤ አግብቶ።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 8

የነገ ዕቃ፦ መታወቂያ። የክርስትና ካርድ። ዣንጥላ። መሐረብ። የመጀመሪያው ከራሰ ሁለተኛ መሐረብ።

አባባ አኩርፈዋል። ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ደብረ ታቦር ውስጥ እሳቸው ያላስተማሩት ሰው ካለ ከሌላ አገር የመጣ ነው። «በኔ ስም ስትጠራ ስድስት ዓመት ምን ጎደለባት? አለቀ እንዴ ስሜ?» አሉ።

«አላለቀም አባባ። ግን እርስዎ አያት ነዎት።»

ትንሽ ቆይቶ ለነገ ኮታቸውን ሲቦርሹ አየኋቸው።

ከጌታቸው ጋር ሠርግም ፊርማም አልነበረንም፤ የአንድ ዓመት ከመንፈቅ የኪራይ ቤት ብቻ። አከራያችን ሞተዋል። የቀሩኝ ምስክር የንስሐ አባታችን መምሬ መልካሙ ናቸው። ነገ እሳቸው ከተሳሳቱ መስመሩ ባዶ ቀረ።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 9

ተሳሳቱ።

ዳኛዋ ወጣት ናቸው። «የሕፃኗን አባት ያውቃሉ?» ብለው ጠየቁ።

«እንዴታ ልጄ! እኔ ነኝ አባቷ» አሉ መምሬ ኮራ ብለው።

በአንድ ዓረፍተ ነገር ሁለት ልጅ ወለዱ፤ ማኅሌትንና ዳኛዋን። የጌታቸው ጠበቃ ብድግ አለ። ጸሐፊዋ ጻፈችው። አባባ ዓይናቸውን ጨፈኑ። እኔ ሁለተኛውን መሐረብ ፈለግሁ።

መምሬ የችሎቱን ሳቅ ሲሰሙ ደነገጡ። «የነፍስ ማለቴ ነው እኮ! የሥጋውማ ያውላችሁ፣ ጥጉ ላይ ተቀምጦ የለም?»

«በምን አወቁ?»

«ሰማንያ ቀኗ ሞልቶ ክርስትና ስትነሣ ያደከመኝ ማን ሆነና! እኔ ሌላ ስም ላወጣላት ስል ‹የለም መምሬ፣ ልጄ በእናቴ ስም ወለተ ሥላሴ ትባልልኝ› አለ። ሲለምነኝ ጊዜ እሺ አልሁት።»

ዳኛዋ የክርስትና ካርዱን አዩ። ከዚያ ጌታቸውን፣ የእናቱ የክርስትና ስም ማን እንደሆነ ጠየቁት።

«ወለተ ሥላሴ» አለ፣ ለጫማው።

ጠበቃው አልተኛም፤ የዘረመል ምርመራ ይታዘዝልን አለ። «እስማማለሁ» አልሁ። ከሰኞ ጀምሮ ስለማመደው የከረምሁት ቃል ነው። ምርመራው አዲስ አበባ መሆኑ ሲነገር ግን ጌታቸው ራሱ «ክረምት ነው፤ መንገዱ አይመችም» አለ። ስንት ክረምት ጭቃ ውስጥ ሜትር ሲጎትት አውቀዋለሁ። ዳኛዋ ምርመራውን እንደ መተው ቆጥረው ቃሉን አስመዘገቡ። ቀጠሮው ለሐምሌ 18፣ ለውሳኔ።

ዓርብ፣ ሐምሌ 18

ተፈረደ! ጌታቸው የማኅሌት አባት ነው፤ ማኅተም አለው።

በረንዳው ላይ ዝናቡ እስኪያባራ አብረን ቆምን። ወደኔ ሳይዞር «እናቴ ልታያት ትፈልጋለች» አለ።

«በቀጠሮ» አልሁት።

ክፋት አይደለም። ቀኑንም ነገርሁት፤ እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ።

መምሬን ላመሰግን ሄድሁ። «ያ የኔ ነገር ከመዝገቡ ተሰረዘ?» አሉኝ። ተስተካክሏል አልኋቸው። ትንሽ ቅር ያላቸው መሰለኝ።

አባባ ውሳኔውን በቀይ እስክሪብቶ አነበቡት። ሦስት የፊደል ግድፈት አገኙ። ከታች «ይግባኝ የማያስፈልገው» ብለው ሊጽፉበት ሲሉ ቀማኋቸው። ከዚያ ዣንጥላቸውን ይዘው ወጡ፤ ኮፒ ሊያስነሡ። አምስት ኮፒ አመጡ።

ዛሬ በስድስት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ምሳዬን ቁጭ ብዬ በላሁ።

ሰኞ፣ መስከረም 12

ትምህርት ተጀመረ። የልደት ወረቀቱ ወጥቷል፤ ባዶ መስመር የለውም። ማኅሌት «ማኅሌት ጌታቸው፣ ማኅሌት ጌታቸው» እያለች መንገዱን ሙሉ ስትለማመድ ሄደች፤ አባባ እጇን ይዘው። በር ላይ ስንደርስ ትምህርት ቤቱ በግማሽ ወጥቶ ለአባባ እጅ ነሣ።

ከሰዓት በኋላ ስትመለስ ስሟ እንዴት እንደሆነ ጠየቅኋት። ክፍላቸው ውስጥ ሌላ ማኅሌት ጌታቸው አለች። መምህሯ የአባባ የድሮ ተማሪ ናቸው፤ እንዳይምታታባቸው የኛዋን «ማኅሌት አያሌው» እያሉ ነው የሚጠሯት።