ልጄን በቀይ ቀለም ከጎርፍ ላወጡልኝ ሹም

ለተከበሩ የልብ ወለድ ጽሑፎች መርማሪና አራሚ ሹም፤
አዲስ አበባ።

ጤናዎ እንደ ብዕርዎ የበረታ፣ እንቅልፍዎም እንደ ማኅተምዎ የከበደ ይሁን እያልሁ፣ ከሁሉ አስቀድሜ አንድ ታላቅ ዜና በትሕትና አስታውቃለሁ። በድሬ ዳዋ ከተማ፣ የመጋላ ሰፈር ነዋሪ የሆነችው ፍየሌ፣ እርስዎ በቀይ ቀለም ያረሙትን ምዕራፍ ከነማኅተሙ በልታ በሙሉ ጤንነት ላይ ትገኛለች። ቀለሙ እንኳ አልጎመዘዛትም።

ምዕራፉ የልጅ ልጄ የሑዳ ነበር። ሑዳ የትምህርት ቤት መምህርት ናት፤ የጻፈችውም ስለ አባቷ ነው። አባቷ፣ ማለትም የእኔ ልጅ ዲሪር፣ የባቡር ፍሬን ያዥ ነበረ፤ በክረምት ደራሽ ጎርፍ ድልድዩን ከነባቡሩ ሲወስደው አብሮ ሄደ። የወንዙ አሸዋ ሬሳውን አልመለሰልንም። መቃብር ስለሌለው፣ ይህ ምዕራፍ መቃብር ይሁነው ብላ ነበር። እርስዎም ለጀማሪ ደራሲ የሚሆን ምክር ሳይሰስቱ ስለ ላኩልን፣ ምስጋናዬን በተራ አቀርባለሁ።

፩ኛ/ «በዚህ በልማት ዘመን ድልድይ አይፈርስም፤ ባቡሩ በሰላም ይግባ» ብለው በኅዳጉ ላይ በመጻፍዎ ልጄን ከሞት አስነሥተውልኛል። ይህን ዱዓችንም አልቻለውም። አሁን የቀረው ትንሽ ነገር ነው፤ በየትኛው ጣቢያ እንደ ወረደ ቢነግሩኝ፣ ሽማግሌ ብሆንም ቀስ እያልሁ ሄጄ እቀበለው ነበር።

፪ኛ/ የለቅሶውን ገጽ ሳይሰርዙ፣ «ሴቶቹ ከሐዘን የተነሣ አለቀሱ» የሚለውን ብቻ «ከደስታ የተነሣ» ብለው ስላቃኑት አመሰግናለሁ። የሰፈራችን ልማድ ምናልባት አልደረሰዎትም ይሆናል። ሑዳ አንድ ምዕራፍ በጨረሰች ቁጥር፣ እኔ ከሰዓት በኋላ በዋይስ ሱቅ ጓሮ ጫት ይዘው ለሚቀመጡት የባቡር ሠራተኞች ጮክ ብዬ አነብላቸዋለሁ። እጃቸው ቅጠሉ ላይ ከቆመ ምዕራፉ ደርሷል፤ መቀንጠሳቸውን ከቀጠሉ ገና ነው፣ እንደገና ትጽፈዋለች። የዲሪር ምዕራፍ የተነበበ ዕለት ጫቱ እዚያው እጃቸው ላይ ጠወለገ። የእርስዎን እርማት ሳነብላቸው ግን ወርሳሜ የሚባለው ሐዲድ ጠጋኝ፣ ጉንጩን እንደ ሞላ፣ «አቦ፣ አባባ ሸረፉ፣ ሰውየው በሰላም ከገባ እነዚህ ሴቶች ምን ሆነው ነው የሚያለቅሱት? ደመወዙን ጨርሶ ነው እንዴ የገባው?» አለኝ። ጓሮው ሁሉ ሳቀ። በልጄ ለቅሶ ላይ ትስቃላችሁ ብዬ እንዳልቆጣ፣ ልጄ ለካ አልሞተም።

፫ኛ/ ንግዱንም አልዘነጉትም። «አሳዛኝ መጽሐፍ ገዢ የለውም፤ በሠርግ ይደምደም፣ በሽፋኑም ላይ ሙሽራ ይሳል» ብለዋል። ዋይስ ነጋዴ ነውና ምክርዎ ደስ አለው፤ ሙሽራው ማን እንደሚሆን ግን ጠየቀኝ፤ በመጽሐፉ ውስጥ ከዲሪር በቀር ለዐቅመ አዳም የደረሰ ወንድ የለም። እኔም ሚስቱን ቀመሪያን፣ የሑዳን እናት፣ ከባልሽ ጋር ዳግመኛ ብናጋባሽ ምን ይመስልሻል ብዬ አማከርኋት። የእኔን ቀልድ ለምዳለች፤ ያን ቀን ግን ሻሿን አስተካክላ ወደ ጓዳ ገባች።

፬ኛ/ አራተኛ የለኝም። ሑዳ መጻፍ ትታለችና ከቤታችን የሚታረም ነገር ከእንግዲህ አይመጣልዎትም፤ ዕረፍት ይሁንልዎ።

ለደራሲዎች እኔም የምመክረው አለኝ፦ ምዕራፉን ለሹም ከመላካችሁ በፊት ሟቹን ለሚያውቁ ሰዎች አንብቡላቸው።

ይህን ደብዳቤ እርስዎ ሳያርሙት የሚያትምልኝ ስላጣሁ በዋይስ ሱቅ በር ላይ ለጥፌዋለሁ፤ እርማት ቢኖርዎ በሩ ሰፊ ነው።

ሙታንን ለሚያስነሣ ብዕርዎ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣ ልጁ በሰላም መግባቱን ከእርማትዎ የተረዳው፣ ደጅ ደጁንም የሚያየው አባት፣

ሸረፈዲን አብዲቃድር
ድሬ ዳዋ፣ ነሐሴ ፲፱፻፶፯ ዓ.ም.

ከፈረምሁ በኋላ የታወሰኝ፦ ፍየል የለኝም፤ ኖሮኝም አያውቅም። የሚያሳዝነውን በሚያስቅ መተካት እንዴት እንደሚሠራ ልሞክር ብዬ፣ በምክርዎ መሠረት የፈጠርኋት ናት። ምዕራፉን ከሰል ምድጃ ውስጥ የከተተችው ሑዳ ራሷ ናት። ነዶ እስኪያልቅ አጠገቡ ተቀምጣ ታለቅስ ነበር፤ ከምን የተነሣ እንደ ሆነ እርስዎ ያቃኑት።