በረንዳው ሁሉ ሲሸነፍልኝ

ሰኞ፣ ጥቅምት 4

ዳማ። ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ፣ አብዱልሃሚድ ጫማ ቤት በረንዳ ላይ። አብዱልሃሚድን አራት ለዜሮ አሸነፍኩት። ሠላሳ ዓመት ሲያሸንፈኝ የኖረ ሰው…

ባለፈው ወር ለራስ ምታት ብዬ ሐኪም ቤት ሄጄ ጭንቅላቴን ቢያነሱኝ አንዲት የደም ስር አብጣ ተገኘች። አኒዩሪዝም ይሏታል። ትንሽ ናት፣ እየተከታተልን እናያታለን አሉ። ዳማዬን ግን አሻሽላልኛለች።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 6

አምስት ለዜሮ። ማታ ሽሮው ጨው አነሰው ብዬ ተነጫነጭኩ። የሺዓለም "እሺ፣ ይቅርታ" አለች። ሚስቴ? ይቅርታ?

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 9

ሆን ብዬ ሁለት ቆርኪ ለመበላት አመቻቸሁለት። አብዱልሃሚድ አያቸው፤ አለፋቸው።

"ለምን አልበላህም?"

"አላየሁም።"

"አንተ?"

አቀርቅሮ ጫማውን አየ። "የሺዓለም ናት። ከተናደደ ያቺ ደም ስር ትፈነዳለች ብላ አስምላናለች።"

"ማንን?"

"በረንዳውን በሙሉ።"

ሳቅኩ። ምኒልክ አደባባይ ስደርስ ግን ሳቄ ጠፋ። ለሚሞት ሰው አይደል እንዲህ የሚሸነፉለት? ሐኪሞቹ ለእነሱ ብቻ የነገሯቸው ነገር ይኖር ይሆን? ፈራሁ።

እሑድ፣ ጥቅምት 10

ልጄን ጽዮንን ያዝኳት። "ምንድነው የደበቃችሁኝ?"

"ምንም፣ አባዬ። ና እይ።" ሐኪሜ የላከችላትን ድረ ገጽ ከፈተችልኝ። የአንጎል ደም ስር በጣት ሲነኩት ይዞራል። የእኔን ታህላለች ያለችኝ እብጠት ምስር ብታክል ነው። እኔ እኮ ሎሚ ነበር የማስበው።

ዕድሜዬን፣ የደም ግፊቴን፣ የእብጠቷን መጠን አስገባን። አንድ ሺህ ትንንሽ ሰዎች ተደረደሩ። በአምስት ዓመት ውስጥ የምትፈነዳባቸው ቀይ ናቸው። አራት። የቀረው ሁሉ አረንጓዴ።

"ዜሮ አይደለም፣ አባዬ።"

አይደለም። አራቱን ደጋግሜ አየኋቸው። ከዚያ አረንጓዴዎቹን አየሁ… አያልቁም።

"ሲጋራ" የሚለውን ስነካ ቀዮቹ በዙ። እንኳን ተውኩት። የግፊት መድኃኒት የማይወስድ ስልም በዙ። "መሸነፍ" የሚል ፈለግኩ። የለም።

ሰኞ፣ ጥቅምት 11

ጽዮን ሐኪሜን ጠየቀችልኝ። መድኃኒታቸውን ይውሰዱ፣ ወደ ሲጋራ አይመለሱ አለች። ዳማስ? ይጫወቱ። ቢሸነፉስ? ሳቀች አሉ።

ለየሺዓለም ድረ ገጹን አሳየኋት። አራቱን ቀዮች አንድ በአንድ በጣቷ ነካች፤ ትንሽ አለቀሰች። እራት ላይ ስለ ጨው አንድ ቃል ብተነፍስ፣ "ለግፊትህ ብዬ ነው የቀነስኩት፤ ካልጣመህ ተወው" አለችኝ። በላሁ። ሚስቴ ተመለሰች።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12

አብዱልሃሚድ መነጽሩን አድርጎ ስልኬን ወደ ዓይኑ አስጠጋ። ደም ስሩን ወዲህም ወዲያም አዞረ።

"ይቺ ናት?"

"ይቺን ነው የምታህለው።"

"አልሐምዱሊላህ። ለዚች ነው እንዴ ሳምንት ሙሉ የተዋረድኩት?" ቆርኪዎቹን ደረደረ።

ሦስት ለዜሮ ተሸነፍኩ። በሦስተኛው አራት ቆርኪ በአንድ ጊዜ በላብኝና በረንዳው ሁሉ እየሰማ፣ "ተነስ፣ ለሚችል ልቀቅ" አለኝ።

ተነሳሁ። እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።