የጠየቅከኝ የአባባ ቢጋ

ይድረስ ለወንድሜ ለአኪሌ፣ ሮሳሪዮ፣ አርጀንቲና፤

ለመሆኑ እንደምን ከርመሃል? ወገብህስ ተሻለህ? ባለቤትህ ዶሎሬስ፣ ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን። እማማ ጉልበቷ እምቢ ቢላትም ምላሷ እንዳለ ነው። እኔም ደህና ነኝ፤ ሰሞኑን እንዲያውም ከመቼውም በላይ ደህና ነኝ።

ደብዳቤህ ደርሶኛል። ዳቦ ቤት ልትከፍት ስለሆነ የአባባን የዳቦ እርሾ፣ የቢጋውን አሠራር አንድ በአንድ ጽፌ እንድልክልህ ጠይቀሃል። አሥራ ሦስት ዓመት ምድጃ ፊት ስጠበስ «እንዴት ነሽ» ያላልከኝ ሰውዬ፣ ዛሬ ገጹን ሙሉ «እህት ዓለም» እያልክ ጽፈሃል። ጉድ እኮ ነው!

አባባ በስምህ የተወውን ዳቦ ቤት ለመምህር ፖምፒሊዮ ስትሸጥ ግን አንድ መስመር እንኳ አልጻፍክልኝም። የሰማሁት ከሰውዬው ከራሱ ነው። በማለዳ በሩን ከፍቶ «ከዛሬ ጀምሮ ጌታሽ እኔ ነኝ» ሲለኝ እጄ ሊጥ ውስጥ ነበር። እኔንም ከምድጃው ጋር አብረህ ሸጥከኝ ማለት ነው።

ላቲን ሲያስተምርህ ጆሮህን ይጎትት የነበረው ያው ሰውዬ ነው። መጀመሪያ ያደረገው ነገር በሩ ላይ ሁለት ነጭ ፈረሶች የሚጎትቱት ሰረገላ ማሳል ነው። ምን እንደሆነ ብጠይቀው «ቢጋ ነዋ! የጥንት ሮማውያን ቢጋ የሚሉት ይህን ነው። ሊጥ ያደረጋችሁት እናንተ መሃይሞቹ ናችሁ» አለኝ። «የነሱን አላውቅም ጌታዬ፤ የኛው ቢጋ ማታ ተለውሶ አድሮ ጠዋት ዳቦውን የሚያነሳው ነው» አልኩት። «አንቺ ገበታውን ጥረጊ!» ብሎ እጅጌውን ሰብስቦ ገባበት።

ቢጋውን በእጁ ምን እንዳደረገው አየሁ። አንዲት ቃል ብተነፍስ ይድን ነበር። ምላሴን ዋጥኩና ገበታውን ጠረግኩ። ምን እንዳጠፋ ላንተም አልነግርህም። አባባ ሲያሳየን አንተ አደባባይ ላይ ኳስ ስታሳድድ ነበርክ።

ሳምንት ሳይሞላ ዳቦው ኮመጠጠ፤ ሰዉም ከታችኛው መንደር መግዛት ጀመረ። የቅዱስ ማርቲኖ ዕለት ቄሱ የባረኩት ዳቦ ጡብ ሆኖ ቢላዋ አልገባው አለ። የአንጥረኛው ሚስት በሕዝብ ፊት «መምህር፣ ይኼንንስ እነዚያ ፈረሶችህም አይቀምሱት!» ብላ ጮኸችበት። ሰዉ በሳቅ ሞተ። አልዋሽህም አኪሌ፣ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። በነጋታው ውሉን በስሜ አዙሮ «ከነሰረገላው ውሰጂው» ብሎ ቁልፉን ሰጠኝ። አሁን መንደሩ ሁሉ ደጄ ላይ ይሰለፋል።

የሱ ተራ አልቋል። የቀረኸው አንተ ነህ።

ለዶሎሬስ ሰላምታዬን አቅርብልኝ፤ እሷ ምንም አልበደለችኝም። ኢኔስን ጉንጯን፣ ትንሹን ራሞንን ግንባሩን ሳምልኝ። አክስት ጄልሶሚና፣ ጎረቤታችን ኖርማም ሰላም ብለውሃል።

እማማ አጠገቤ ተቀምጣ ባቄላ ትፈለፍላለች። ፊደል እንደማትቆጥር ታውቃለህ። «ሁሉንም ጻፍሽለት?» ስትለኝ «ሁሉንም» አልኳት። አንብቢልኝ ስላለች፣ ወረቀቱን ይዤ የዱቄቱን ልክ፣ የውሃውን ቅዝቃዜ፣ የአባባን የእጅ አያያዝ፣ እዚህ ላይ የሌለውን ሁሉ ከራሴ አነበብኩላት። «ተባረኪ፤ ልጄ በሰው አገር አያፍርም» ብላ አለቀሰች። አሁን ፖስታውን በምራቄ ልዝጋው ብላ እጇን ዘርግታ እየጠበቀችኝ ነው።

እህትህ ኤርሲሊያ
ካስቴል ሮሳኖ፣ ኖቬምበር 17 ቀን 1957