አንድ ሰው ቤተሰብ ይባል እንደሆነ፣ ለመሬት አጠቃቀም ዕቅድ ኃላፊ

ለተከበሩ የመሬት አጠቃቀም ዕቅድ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ክቡር ሆይ፣ እርስዎም፣ ባለቤትዎም፣ ልጆችዎም፣ ባጠቃላይ ቤተሰብ ለመባል የበቃችሁ ሁሉ በሙሉ ጤንነት እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ደኅና ነኝ፤ የሚጠይቀኝ ስለሌለ ሳልጠየቅ ነገርኩዎት።

ከነፋስ የኤሌክትሪክ ኃይል ለማመንጨት ስለተነሡበት ሥራ በቅድሚያ አመሰግናለሁ። ጢስ የሌለበትን መብራት የሚጠላ የለም፤ እኔም አልጠላሁም። (ማስታወቂያዎ «ንፋስ» ይላል፤ እኛ በተማርንበት ዘመን «ነፋስ» ብሎ ያልጻፈ መዳፉን ይመታ ነበር።) ቅሬታዬ በነፋስ ኃይል ማማው ላይ ሳይሆን በሚተከልበት ቦታ ላይ ነው።

፩. መመሪያዎ፣ የነፋስ ማማ ቤተሰብ ከሚኖርበት ቤት አምስት መቶ ሜትር፣ ከሌላ ግንባታ ግን መቶ ሜትር ይራቅ ይላል። ባለፈው ወር የላኩት ቀያሽ በጨዋነት ከደጄ ቆሞ፣ «እማማ፣ ከማን ጋር ነው የሚኖሩት?» ሲለኝ፣ «ብቻዬን» አልኩት። ባለቤቴ ካረፈ፣ ልጄም ትዳሯን ይዛ ርቃ ከሄደች ወዲህ ይህን ቃል ድምፅ አውጥቼ ለመጀመሪያ ጊዜ የተናገርኩት ያን ቀን ይመስለኛል። ብዙም ሳይቆይ የደረሰኝ ውሳኔ ቤቴን «ሌላ ግንባታ» ብሎ፣ ለቀው የሄዱት ጎረቤቶቼ ከተዉት ጎተራና በረት ጋር መድቦታል፤ የማማውን ቦታ የሚያመለክተው ቀይ ችካልም ከጓሮዬ አጥር ማዶ ተተክሏል። ክቡር ሆይ፣ «ቤተሰብ» ማለት ቤትና ሰብእ ነው፤ ሰብእ ደግሞ ሰው ነው። ስንት ሰው እንደሆነ ቃሉ አይናገርም። ቃሉ ያልቆጠረውን ጽሕፈት ቤትዎ ስለቆጠረልኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

፪. ከበላዬ ያለው ራቁት ኮረብታ ነፋሱ ይበልጥ የሚበረታበት መሆኑን ቀያሽዎ ራሱ አልሸሸገኝም። ሆኖም ሌላው ክፍልዎ «ለወደፊት መዝናኛ» ብሎ ስለከለለው አይነካም ተባልኩ። ከተከለለ ጀምሮ ሲዝናናበት ያየሁት ነፋሱን ብቻ ነው።

፫. የማማው ክንፎች ጥላ ከሰዓት በኋላ በመስኮቴ እየተመላለሰ እንደሚያልፍ፣ ጉዳት ግን እንደሌለው አንዲት ባለሙያዎ በስልክ አስረድታኛለች። በመስኮቴ ሰው ካለፈ ብዙ ጊዜ ስለሆነ ጥላውን እንደ እንግዳ እንድቀበል አስባችሁልኝ ይሆናል፤ እግዜር ይስጥልኝ። ነገር ግን ጥላ ባለፈ ቁጥር «ማን መጣ?» ብዬ ቀና ማለቴ አይቀርም። ያንን በየቀኑ የምችለው አይመስለኝም።

ስለዚህ ችካሉ ወደ ኮረብታው እንዲዛወር፣ ይህ የማይቻል ከሆነም ሰው ስንት ሲሆን ሰው ተብሎ እንደሚጻፍ በደብዳቤ እንዲገለጽልኝ በታላቅ ትሕትና አመለክታለሁ።

ጎተራ ባልሆነው ቤቷ ተቀምጣ መልስዎን የምትጠባበቅ፣ በመመሪያዎ የሌለች፣ ግብር ሲሰበሰብ ግን ተረስታ የማታውቅ፣

አክባሪዎ

ከፈረምኩ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ የጎደለው ቁጥር ብቻ ከሆነ ከሠራተኞችዎ አንዱን ይላኩልኝ። ትርፍ ክፍል አለኝ፤ አልጋውም እንደተነጠፈ ነው። ሁለት ስንሆን ማማው አራት መቶ ሜትር ይሸሽልናል። ቀለቡ በእኔ ነው፤ ብቻ ጨዋታ የሚያውቅ ይሁን።